ምድጃውን ከመለወጥ በፊት ቤቱን መመርመር

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ አካባቢዎች በርካታ ቤቶች የሚሞቁት በፔሌት ምድጃ ነው። ፔሌት ከሰጋቱራ ተጨምቆ የሚሠራ፣ በእንጨቱ ውስጥ ባለው ሊግኒን የሚጣበቅ ትንንሽ የነዳጅ ፍሬ ነው። ምድጃው ሲያረጅ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ መግዛት። ይህ ምክር ከፊል እውነት ቢኖረውም ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው።

የለውጥ ደጋፊዎች መከራከሪያ ቀላል አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2015/1185 መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርብ የፔሌት ምድጃ ቢያንስ 79 በመቶ ወቅታዊ የማሞቅ ብቃት ሊኖረው ይገባል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የብናኝ ልቀት ጣሪያው በሰዓት 2 ግራም ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ምድጃዎች ይህን መመዘኛ አያሟሉም።

ሆኖም ስሌቱ ሌላ ነገር ያሳያል። ብቃቱ 70 በመቶ የሆነ ምድጃ በቀን 10 ኪሎ ግራም ፔሌት ይፈጃል እንበል። ብቃቱ 85 በመቶ በሆነ አዲስ ምድጃ ቢተካ ፍጆታው ወደ 8.2 ኪሎ ግራም ይወርዳል። አሮጌው ምድጃ ባለበት ሆኖ የጣሪያው ሙቀት መከላከያ ቢጠናከርና የበርና የመስኮት ክፍተቶች ቢደፈኑ፣ በዚህም የቤቱ የሙቀት ፍላጎት በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ ግን ፍጆታው 8 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሁለቱም ከተደረጉ ወደ 6.6 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ቅደም ተከተሉ የሚያመጣው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ቤቱ አስቀድሞ ከታደሰ የሚገዛው ምድጃ አነስተኛና ርካሽ ይሆናል። ምድጃው ቀድሞ ከተገዛ ግን በኋላ ለታደሰው ቤት ከመጠን በላይ ስለሚሆን ደጋግሞ ይጠፋል፣ ደጋግሞ ይለኮሳል፤ ጭሱም የሚበዛው በእነዚሁ ጊዜያት ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የአሮጌ ምድጃ ድክመት ሁሉ የዕድሜ ውጤት አይደለም። ያለቀ የበር ጓርኒሲዮን፣ በአመድ የታፈነ የሙቀት መለዋወጫ፣ ያልተጠረገ ጭስ ማውጫና እርጥበት የገባው ፔሌት ብቃትን በጉልህ ይቀንሳሉ። እነዚህ በጥቂት ወጪ የሚታረሙ ናቸው። ልዩ ሁኔታው አንድ ነው፤ የማቃጠያ ሣጥኑ የተሰነጠቀ ወይም ጋዝ ወደ ክፍል የሚያስወጣ ምድጃ በካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገድል ስለሚችል ወዲያውኑ አገልግሎቱ መቋረጥ አለበት።

በኢትዮጵያ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ የተለካ ብቃትና በቤት ውስጥ የሚገኝ ውጤት ይለያያሉ። ስለዚህ የድጎማ መርሐ ግብሮች ስኬታቸውን በተተኩ ምድጃዎች ብዛት ሳይሆን ቤተሰቡ በክረምት በሚያወጣው ወጪና በሚያገኘው ሙቀት ሊለኩ ይገባል። በተለይ ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ያለውን ጥቂት ገንዘብ በአዲስ ምድጃ ላይ አውሎ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቢበርደው፣ በሪፖርቱ ላይ ስኬት ተብሎ የሚመዘገበው ለእርሱ ኪሳራ ነው።