በጠንካራ ድንጋይ የጻፈው ሰው

«የክፍለ ሀገር» የምትለው ቅጽል ከሰው ሙያ ፊት ስትቆም ምስጋናውን ሁሉ ግማሽ ታደርገዋለች። «ጥሩ ገጣሚ ነው» ማለትና «ጥሩ የክፍለ ሀገር ገጣሚ ነው» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ምሕረት ነው። ከስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከአበርዲን ከተማ የወጣው፣ ይልቁንም ያልወጣው፣ አርክቴክት አርቺባልድ ሲምፕሰን ከዚህች ቅጽል ጋር ተቆራኝቶ የቀረ ሰው ነው። ሥራውን የሚያደንቁት እንኳ ብዙውን ጊዜ በቁጭት ይደመድማሉ፤ ለንደን ቢቀር ኖሮ የት በደረሰ ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ቁጭት ጋር ነው። በእኔ አስተያየት ሲምፕሰን ትልቅ የሆነው ክፍለ ሀገር ቢቀርም ሳይሆን ክፍለ ሀገር በመቅረቱ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይውሰዱልኝ)። በ1790 አበርዲን ውስጥ ከነጋዴ አባት ተወለደ። በ13 ዓመቱ ማርሻል ኮሌጅ ገባ፤ በ1804 አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ከግንበኛ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ወረደ። በ1810 ወደ ለንደን ሄዶ በመጀመሪያ ለሮበርት ሉጋር፣ ቀጥሎም ለዴቪድ ሌይንግ ሠራ፤ ጣሊያንንም አየ። በ1813፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱ ድረስ፣ ለ34 ዓመታት ያህል፣ አበርዲንን ሠራ።

ከዚያች ከተማ መሄድ ምን እንደሚያስገኝ ግን አላየም ማለት አይቻልም። ጄምስ ጊብስ በ1682 የተወለደው እዚያው አበርዲን ነው፤ ሮም ተምሮ ለንደን ተቀመጠና የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያንን፣ በኦክስፎርድም የራድክሊፍን ታላቅ ጉልላት አቆመ፤ ስሙም በየመጽሐፉ ገባ። ባለቅኔው ባይረን ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው ነው፤ ሲምፕሰንም በልጅነቱ በተማረበት በአበርዲን ግራመር ስኩል ተምሯል፣ በዕድሜም የሚበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ባይረን በ1798 የአያቱን ወንድም ማዕረግና ርስት ወርሶ ወደ እንግሊዝ ሄደ። ዛሬ በዚያ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት የቆመው ሐውልት የሄደው የባይረን ነው።

የሄደ ሁሉ ግን አልቀናውም። የሲምፕሰን የለንደን አሠሪ ዴቪድ ሌይንግ ከ1813 ጀምሮ በቴምዝ ወንዝ ዳር ታላቁን የጉምሩክ ሕንጻ ይገነባ ነበር፤ የብሪታንያ መንግሥት ከሰጣቸው ሥራዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። በ1825 መሠረቱ ከዳው፤ የሕንጻው መካከል ተናደ፤ የሌይንግም የሙያ ሕይወት አብሮ ተቀበረ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራተኛው አበርዲን ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ግድግዳ በማሠራት ላይ ነበር።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ፤ የነገሩ ፍሬ እዚያ ነውና።

የአበርዲን ድንጋይ ግራናይት ነው። የአሸዋ ድንጋይ ለጠራቢው ይታዘዛል፤ ቅጠል ሁን ሲሉት ቅጠል፣ መልአክ ሁን ሲሉት መልአክ ይሆናል። ግራናይት ግን መሮውን ያደንዛል፣ የጠራቢውን ክንድ ያዝላል፣ የአሠሪውን ኪስ ያራቁታል። ሲምፕሰን ሥራውን ሲጀምር ይህ ድንጋይ የሚጠረበው በእጅ፣ በመዶሻና በመሮ ነበር፤ አሌክሳንደር ማክዶናልድ በከተማው በእንፋሎት ኃይል ግራናይት መወልወል የጀመረው በ1830ዎቹ ነው። ስለዚህ የለንደን አርክቴክት ሳያስብ የሚያዘውን አንድ የአበባ ጉንጉን የአበርዲኑ አርክቴክት ሦስት ጊዜ ሊያስብበት ግድ ይለው ነበር። ይህ ጌጥ ያስፈልጋል? ባይኖር ግድግዳው ምን ይጎድለዋል? ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው?

በቋንቋችን ስንኝ ሲገጥም «ቤት መታ» መባሉ ደስ ይለኛል። ቤት መምታት ግዴታ ነው። ግዴታው ደካማውን ገጣሚ ያስለፈልፈዋል፤ ቤቱን ለመምታት ሲል ያላሰበውን ይናገራል። ብርቱውን ግን ያሳጥረዋል። ሲምፕሰንን ግራናይት አሳጠረው። ጌጡ ሲቀነስ የሚቀረው ልክ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ለግድግዳው ያለው ስፋት፣ የታችኛው ፎቅ ለላይኛው ያለው ቁመት፣ የጥርቡ ጠርዝ የሚጥለው ቀጭን ጥላ። ልኩ ከተሳሳተ የሚሸፍንለት አንድ ቅጠል እንኳ የለውም።

ይህንን ለማየት ከ1823 ጀምሮ ለልብስ ሰፊዎች ማኅበር ያቀደውን የቦን አኮርድ አደባባይና ከጎኑ የታጠፈውን የግማሽ ጨረቃ ረድፍ መመልከት ይበቃል። የሚያስደምም ነገር ፈልጎ የሚሄድ ሰው ቅር ብሎት ይመለሳል። ዓምድ የለም። ልከኛ የመኖሪያ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቀስ ብለው ይታጠፋሉ፤ አለቀ። ነገር ግን መታጠፉ እንዲህ ለስላሳ የሆነው እያንዳንዱ ድንጋይ ልኩን ጠብቆ ስለተጠረበ ነው፤ ግራናይትን ማጠፍ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ሚካ የተባለ ማዕድን ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ሌላ ጌጥ አላስፈለገም። ለልብስ ሰፊዎች እንዲህ ያለ ስፌት መሥራቱ የአጋጣሚ ቢሆንም ያስቃል።

ከተማዋም ብትሆን ሀብታም ሆና አልነበረም ያሠራችው። አበርዲን ከ1801 ጀምሮ ዩኒየን ስትሪት የተባለውን ሰፊ ጎዳና ስትቀይስ፣ 130 ጫማ የሚሆን ክፍተት በአንድ ቅስት የሚሻገር የግራናይት ድልድይ ስትሠራ፣ ወጪው ከአቅሟ በላይ ሆነና በ1817 የከተማው ካዝና ከሰረ። ጎዳናው ነበር፤ ዳሩ ላይ የሚቆም ሕንጻ ግን ብዙ አልነበረም። ሲምፕሰን የገባው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። የሐኪሞች ማኅበር አዳራሽ አሠራው፤ የአካባቢው ባላባቶች ለጭፈራና ለግብዣ የሚሆን መሰብሰቢያ አሠሩት። የኋለኛው በ1822 የተጠናቀቀ ሲሆን ስድስት የአዮኒክ ዓምዶች ወደ ጎዳናው ያወጣ ነው። በ1859 የሲምፕሰን ደቀ መዝሙር የነበረው ጄምስ ማቲውስ ከበስተጀርባው የሙዚቃ አዳራሽ ጨመረለት፤ በ2018 ታድሶ ዳግም ተከፈተ። ዓምዶቹ ግን የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ሙግቴን የሚያናጋ ነገር መደበቅ አልወድም፤ ሲምፕሰን በአሸዋ ድንጋይም ሠርቷል። በ1817 የተጠናቀቀው የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን የፊት ገጽ በጎቲክ ስልት የተቀረጸ በመሆኑ፣ በግራናይት ቢሆን ወጪው ስለማይቻል በአሸዋ ድንጋይ ተሠራ። መልካም ሕንጻ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ከተማ ላይ ቢቆም ማንም አይገርመውም። ከ1825 እስከ 1828 በኤልጊን ከተማ የሠራው የቅዱስ ጋይልስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንዲሁ የአሸዋ ድንጋይ ሆኖ ሳለ ድንቅ ነው። እጁ ከግራናይት የተማረውን ቁጥብነት ለስላሳው ድንጋይ ላይም ስላልለቀቀ ይመስለኛል።

ስለ ተቀናቃኙም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ጆን ስሚዝ የከተማው ይፋ አርክቴክት ነበር፤ የቱዶር ዘመንን ስልት ስለሚያዘወትር ሰዉ «ቱዶር ጆኒ» ይለው ነበር። ሁለቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ለአንድ እንጀራ የሚሻሙ ነበሩ። ዛሬ የአበርዲንን መሐል የሚያይ ሰው የሚያየው የእነዚህን የሁለት ሰዎች ክርክር ነው ማለት ይቻላል። በዋና ከተማ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም፤ እዚያ ድምፁ ብዙ ነው።

የሰሜን ስኮትላንድ ባንክ ከ1839 እስከ 1842 ሲሠራ ሲምፕሰን የሁለት ጎዳናዎችን ማዕዘን በክብ የኮሪንት ዓምዶች አዞረው፤ ከላዩም ጄምስ ጊልስ የሠራት ቀለም የተቀባች የሸክላ ሐውልት፣ የእህል አምላክ ሴሬስ፣ ተቀመጠች። በዚያ ግራጫ ከተማ ላይ ይህች ባለ ቀለም ሴት! ቁጥብ ሰው አንድ ጊዜ ሲያወጣ እንዴት እንደሚያወጣ ያውቃል። ባንኩ በኋላ መጠጥ ቤት ሲሆን «አርቺባልድ ሲምፕሰን» ተብሎ ተሰየመ፤ ስለዚህ ስሙ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ በቢራ ጠጪዎች አፍ ላይ ኖሯል።

ጥበቡን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ ግን በጥድፊያ የሠራው ሕንጻ ነው። በግንቦት 1843 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች። በአበርዲን 15ቱም የደብር አገልጋዮች ጥለው ወጡ፤ ምእመናኑ ተከተሏቸው፤ ደሞዝም መጠለያም አልነበራቸውም። ሲምፕሰን ለሦስት ጉባኤዎች በአንድ ቦታ፣ በርካሽና በፍጥነት ሦስት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ማማ ዙሪያ አቆመላቸው። ግራናይት የሚያስጠርብ ገንዘብ ስላልነበረ ሾጣጣውን ማማ በጡብ ሠራው። ሐሳቡን ከጀርመን፣ ከማርቡርግ የቅድስት ኤልሳቤጥ ቤተ ክርስቲያን ወሰደ። በግራናይት ከተማ ላይ ቀይ የጡብ ማማ ማቆም ድፍረት ነው። ከሦስቱ አብያተ ክርስቲያናት የተረፈው ጥቂት ነው፤ አንደኛው እንዲያውም ለመጠጥና ለጭፈራ ውሎ ነበር። ማማው ግን ቆሟል።

ሲምፕሰን ጻድቅ አልነበረም። በከተማው የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን የመካከለኛው ዘመን ምሥራቃዊ ክፍል ፈርሶ በ1837 የቆመው አዲስ ሕንጻ የእርሱ ነው። ዛሬ ቢሆን ጋዜጣ ላይ ይወጣበት ነበር፤ በሚገባም። እርሱ በሌላው ላይ ያደረገውን ጊዜ በእርሱ ላይ አደረገበት። በ1842 የከፈተው ታላቅ የገበያ አዳራሽ በ1882 ተቃጠለ፣ ተመልሶም ተሠራ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ለአዲስ መደብር ቦታ ለመልቀቅ ፈረሰ። በእነዚያው ዓመታት፣ በ1971፣ ለከተማው ድንጋይ ሲያቀርብ የኖረው የሩቢስሎ ካባ ከ140 ሜትር በላይ ተቆፍሮ ተዘጋ። ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ ሐይቅ ሆኗል።

የራሱ ቃል በብዛት አልደረሰንም። በ1826 የተነሣ ቃጠሎ ሥዕሎቹንና ወረቀቶቹን በላቸው። ደራሲ ረቂቁና ደብዳቤው ሲጠፋ የታተመው መጽሐፍ ብቻ እንደሚመሰክርለት፣ ለሲምፕሰንም የሚመሰክርለት የቆመው ድንጋይ ብቻ ነው። ሕንጻ ሲፈርስ ለሌላ አርክቴክት ቢያንስ ሥዕሉ ይቀራል፤ ለእርሱ ብዙ ጊዜ የሚቀር የለም። የገበያውን አዳራሽ ያፈረሱት ሰዎች ይህንን አስበውት ነበር ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ማርሻል ኮሌጅም አለ፤ በልጅነቱ አቋርጦ የወጣበት። ከ1837 እስከ 1844 አዲሱን ግቢ የሠራው እርሱ ነው። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ከ1856 እስከ 1860 ፊዚክስ ያስተማረው፣ ስለ ሳተርን ቀለበቶችም ያሰበው እዚያ ነበር። ዛሬ ግን ጎብኚ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ያንን አይደለም። ከ1893 እስከ 1906 አሌክሳንደር ማርሻል ማኬንዚ ማማውን ከፍ አድርጎ ከፊቱ ግዙፍና እንደ ጥልፍ የተቀረጸ የግራናይት ገጽታ ገተረበት። በዚያን ጊዜ መሣሪያው ተሻሽሎ ግራናይትም መታዘዝ ጀምሮ ነበር። ማኬንዚ የሲምፕሰን ረዳት የነበረው የቶማስ ማኬንዚ ልጅ ነው። ሕንጻው በ2011 የከተማው ምክር ቤት መሥሪያ ቤት ሆነ። የሲምፕሰን ግቢ ከበስተኋላ ነው፤ በቅስቱ ሥር አልፎ የሚገባ ያገኘዋል።

አርቺባልድ ሲምፕሰን በመጋቢት 1847 በ56 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በቅዱስ ኒኮላስ አጸድ ነው። መቃብር ቦታውን ከዩኒየን ስትሪት የሚለየው ረጅም የዓምድ ረድፍ የጆን ስሚዝ ሥራ ነው፤ ከጎዳናው ወደ ሲምፕሰን መቃብር የሚሄድ ሰው በእነዚያ ዓምዶች መካከል ያልፋል።