ረዳት መምህርነት ውርደት አይደለም!

ወገን፣ ዲግሪ ይዘን ቤት ከተቀመጥን ስንት ጊዜያችን? እኔ ባለፈው ሴሚስተር በበጎ ፈቃድ አንደኛ ክፍል ረዳት ሆኜ ገባሁ። ሰፈር ውስጥ «ተመርቀህ ንፍጥ ጠራጊ ሆንክ?» አሉኝ።

እውነቱ ይሄ ነው፦ ሰማንያ ልጅ፣ አንዲት መምህርት። እሷ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ኋላ ወንበር ያለው ልጅ ፊደል ሳይለይ ይቀራል። አንዱን አጠገቡ ቁጭ ብዬ «በ»ን ከ«ሰ» አስለየሁት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አሁን ስሙን ይጽፋል።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። ዛሬስ ተመራቂው ሥራ ፈትቶ፣ ክፍሉ ሰው አጥቶ?

ግን በክብር ብቻ ቤት ኪራይ አይከፈልም። መንግሥት የሥራ መደብ ይክፈት፣ ደሞዝ ይመድብ፤ እኛም ሥራ አንናቅ። ትውልድ የሚድነው ከኋላ ወንበር ጀምሮ ነው!