«ዘ» የምትናቅ ቃል አይደለችም

አንዳንድ ጓዶች እንግሊዝኛ ሲጽፉ «ዘ»ን መዝለል እንደ ጥቃቅን ስሕተት ይቆጥሩታል። ይህ አመለካከት መታረም አለበት። አማን ለምንማር ማስረጃው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1967 የጸጥታው ምክር ቤት ባሳለፈው ውሳኔ 242፣ የእስራኤል ጦር ከተያዙ ግዛቶች እንዲወጣ የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ «ዘ» የለበትም። የፈረንሳይኛው ቅጂ ግን አመልካች አለው። እስራኤል «ከሁሉም አልተባለም» አለች፤ ዮርዳኖስና ሌሎች ዐረቦች ከሁሉም ነው አሉ። በአማርኛ ልዩነቱ «ከተያዙ» እና «ከተያዙት» ነው፤ አንዲት «ት»!

የእኛ ምልክት ከቃሉ መጨረሻ ስለሚለጠፍ፣ ከፊት የሚቀድመውን «ዘ» እንዘነጋለን። እንግዲህ በአማርኛ «ቤቱ» ካልን፣ ብዙውን ጊዜ «ዘ» ያስፈልጋል። በ1889 እ.ኤ.አ. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የአንድ ግሥ ልዩነት ለጦርነት የዳረገን ሕዝብ፣ ትንሽ ቃል ልንንቅ አይገባም።