ዓይን ሲጨልም የእጅ አንጓም ይዳሰስ

በአገራችን ስለ ዓይን ሕመም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሱት የዓይን ሞራና ትራኮማ ናቸው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር እንደነበረ፣ የግማሽ ያህሉም መንስኤ ሞራ እንደሆነ አሳይቷል። ዳሩ ግን የለመድነው በሽታ ያልለመድነውን እንዳይጋርድብን እንሠጋለን።

እ.ኤ.አ. በ1908 ሚኪቶ ታካያሱ የተባሉ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም በአንዲት የ21 ዓመት ሴት ሬቲና ላይ፣ የዓይን ነርቭ በሚነሣበት ሥፍራ ዙሪያ፣ የደም ሥሮች እንደ አክሊል ተያይዘው ማየታቸውን በአንድ ጉባኤ ላይ ገለጹ። በዚያው ጉባኤ ኦኒሺና ካጎሺማ የተባሉ ሐኪሞች ተመሳሳይ ምልክት ባዩባቸው ሕሙማን የእጅ አንጓ ላይ ትርታ እንዳጡ ተናገሩ። የበሽታው ሥር ዓይን ላይ አልነበረም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ታላቁን ደም ቅዳና ቅርንጫፎቹን ሲያጠቃ ግድግዳቸው በብግነት ይወፍራል፤ መተላለፊያቸው ይጠባል፤ ወደ ዓይን የሚደርሰው ደምም ያንሳል። የታካያሱ በሽታ የሚባለው ይህ ነው፤ ይበልጥ የሚያጠቃውም ከ40 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶችን ነው።

እስቲ ነገሩን ወደ ሠፈራችን እናምጣው። በየካ ሚካኤል አካባቢ ልብስ የምታጥብ፣ ወይም ከእንጦጦ ዳገት ሸክም ይዛ የምትወርድ ወጣት «ክንዴ ይዝላል፤ ብድግ ስል ዓይኔ ለአፍታ ይጨልማል» ብትል ከሸክሙ በቀር ማን ምን ይጠረጥራል? ደም አንሷት ነው ይባላል፤ ጠበልም ይታዘዝላታል። የዓይን ሐኪሞች ለረጅም ዘመን የሠለጠኑበት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚያው የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቢሆንም፣ ዓይኗና ክንዷ የአንድ በሽታ ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ ካልታሰበ ቅርበቱ ብቻውን አይበጃትም።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ ዓይኑ ብልጭ ድርግም የሚልበት ወጣት ሁሉ የሁለቱም እጆቹ ትርታ ይዳሰስ፤ የደም ግፊቱም በሁለቱም ክንዶች ይለካ። በሽታው ብርቅ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ምርመራው ጥቂት ደቂቃ እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በአንድ ክንድ ብቻ መለካት እንዲያውም ያታልላል፤ ደም ቅዳው በጠበበ ክንድ ላይ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ስለሚነበብ፣ ልብንና አንጎልን የሚጎዳው ከፍተኛ ግፊት ተሸሽጎ ይቀራል። የሁለቱም ክንዶች ትርታ ከደከመ ግፊቱ በእግር መለካት ይኖርበታል።

ሕክምናው በአብዛኛው የሚጀመረው ብግነትን በሚያበርዱ ስቴሮይድ መድኃኒቶች ነው። እነዚህ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክሙ፣ የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገራችን አስቀድሞ ነቀርሳን መመርመር ግድ ይላል። ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።