እናታቸው የሞተችባቸው ቡችሎች

ከገዳሪፍ እስከ ገላባትና መተማ ድረስ በማሽላና በሰሊጥ እርሻ መካከል የሚኖር ሰው ውሻ የሚያሳድገው ለጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብን ከፍየሎቹ ጉረኖ፥ ሌባንም ከጎተራው የሚያርቅለት እርሱ ነው። ስለዚህ የወለደች ውሻ ስትሞት ጉዳቱ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነው፤ ዓይናቸው ያልተገለጠ ቡችሎችንም በጡጦ ለማሳደግ የሚነሣ ሰው ብርቱ ሥራ ይጠብቀዋል።

አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ግን እናቲቱ በምን እንደ ሞተች ነው። ጠባይዋ ተለውጦ፥ ለሃጯ እየተዝረከረከ፥ ያገኘችውን ሁሉ እየነከሰች የሞተች እንደ ሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ያሠጋልና ማንም ቡችሎቹን በእጁ ሳይነካ ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ አለበት። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ከታጠበ በኋላ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። የዚህ በሽታ ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ ከሞት የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል።

ይህ ሥጋት ከሌለ የመጀመሪያው ሥራ ሙቀት መስጠት ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላ የገላውን ሙቀት ሊጠብቅ አይችልም፤ በርዶት ሳለ ወተት ቢሰጡትም ሆዱ አይፈጭለትም። በሚያዝያ ወር ግን የገዳሪፍ የቀን ሙቀት 40 ዲግሪ ስለሚደርስ፥ በጥላ ሥር ነፋሻ ቦታ ማኖር ይሻላል።

የላም ወተት ከውሻ ወተት ጋራ ሲመዛዘን ቅባቱም ፕሮቲኑም ከግማሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለቡችላ የተዘጋጀው የዱቄት ወተት ይመረጣል። እርሱ እስኪገኝ ድረስ ተፈልቶ ለብ ያለ ወተት ከእንቁላል አስኳል ጋራ ደባልቆ ለአንድ ለሁለት ቀን መስጠት ይቻላል። የሚጠባውም በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፥ ሌሊትም ጭምር ነው።

ቡችላን እንደ ሰው ልጅ በጀርባው አስተኝቶ ማጥባት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። በሆዱ አስተኝቶ፥ ራሱን ጥቂት ቀና አድርጎ፥ በገዛ ኃይሉ እንዲጠባ መተው እንጂ ጡጦውን መጭመቅ አይገባም። ከጠባም በኋላ፥ እናቲቱ በምላሷ ታደርገው እንደ ነበር፥ ከጅራቱ ሥር ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ማበስ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገለት ሽንቱንም ዓይነ ምድሩንም ለማውጣት ይቸገራል።

ዓይኑ በ2 ሳምንት ገደማ ይገለጣል፤ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ሳምንት ከሳሕን መላስ ይጀምራል። 3 ወር ሲሞላውም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይከተብ። ውሻ በበላበት ይጮኻልና፥ ዛሬ ሌሊት እየተነሣ ያጠባው ሰው ነገ እንቅልፉን በሰላም ይተኛል።