ካምቢሰስን ከነምስክሮቹ

የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ኢትዮጵያን ሊወር ተነሥቶ አፍሮ ተመለሰ የሚለው ታሪክ ስለ ጥንቱ ዘመናችን በተወራ ቁጥር ይነሣል። ተራኪው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ነው። እንደ እሱ አባባል፣ ካምቢሰስ በ525 ቅ.ል.ክ. ግብፅን ከያዘ በኋላ ሐምራዊ ልብስ፣ የወርቅ ሐብልና አንባር፣ ሽቶና የተምር ጠጅ አስይዞ ሰላዮችን ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ላከ። ንጉሡ ተንኮሉን ነቃበትና ትልቅ ቀስት ሰጥቶ፣ ፋርሶች እንዲህ ያለውን ቀስት በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያን ጊዜ ይምጡ ብሎ መለሳቸው። ካምቢሰስ በቁጣ ስንቅ ሳያደራጅ ዘመተ፤ የመንገዱ አንድ አምስተኛ ሳይገፋ ምግቡ አለቀ፤ ወታደሩ መጀመሪያ የጭነት ከብቱን፣ ቀጥሎ ሣሩን፣ በመጨረሻም ከ10 ሰው አንዱን በዕጣ እያወጣ እስከ መብላት ደረሰ። ታሪኩ ልብ ይሰቅላል። ለልጆቻችን እንደተረጋገጠ ነገር ከማስተማራችን በፊት ግን ምስክሮቹን አንድ በአንድ መጠየቅ አለብን ብዬ አምናለሁ።

ሄሮዶቱስ የተወለደው ከዘመቻው 40 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ዘመቻውንም የሚያወራው ካምቢሰስ እብድ እንደነበር ለማሳየት በደረደራቸው ታሪኮች መሐል ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ንጉሡ ግብፃውያን የሚያመልኩትን አፒስ የተባለ ኮርማ በጩቤ ወግቶ ገደለ የሚለው ነው። ይህን ማጣራት ይቻላል። ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ያለው የግብፃውያን የመቃብር ጽሑፍ፣ አፒስ በካምቢሰስ 6ኛ የንግሥና ዓመት በወጉ እንደተቀበረ ይናገራል፤ በድንጋይ ሣጥኑም ላይ የተቀረጸው የንጉሡ የራሱ ስም ነው። ተከታዩ ኮርማ ደግሞ የሞተው ከእሱ በኋላ በነገሠው በዳርዮስ 4ኛ ዓመት ስለሆነ ካምቢሰስ ሊገድለው አይችልም። ምስክር በአንዱ ነገር እንዲህ ከተያዘ፣ በጎኑ ያስቀመጠውን የኢትዮጵያ ዘመቻም በጥንቃቄ መስማት ይገባል። ደግሞም እዚያው ሦስተኛ መጽሐፉ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ የግብፅ ጎረቤት የሆኑትን ኢትዮጵያውያን ካምቢሰስ በዚሁ ጉዞው እንዳስገበረና እነሱም ወርቅ፣ 200 ግንድ ዞጲ እና 20 ትልልቅ የዝሆን ጥርስ ለፋርስ ያመጡ እንደነበር ይጽፋል። ይህን ክፍል ግን ብዙዎቻችን አናነሣውም።

የፋርስ ነገሥታት ጽሑፍስ ጉራ አይደለምን? ነው። ዳርዮስ በናቅሽ ሩስታም በመቃብሩ ላይ ኩሽን፣ ማለትም ሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ የሚላትን፣ ከግዛቶቹ ተራ ሲያስገባ ምን ያህል እንደገዛት አይነግረንም፤ መቁጠሩ ለክብሩ ነው። በፐርሰፖሊስ ደረጃ ላይ የተቀረጹት የኩሽ መልእክተኞች ግን ሌላ ነገር ይጨምራሉ፦ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የፊተኛውን አስተናጋጁ እጁን ይዞ ይመራዋል፤ የኋለኛው የዝሆን ጥርስ ተሸክሞ እንስሳ ይስባል። ሰንሰለት የለም። በገዛ ወገናችን ጽሑፍም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኩሹ ንጉሥ ናስታሰን አንድ ጠላት ድል ማድረጉን ያስቀረጸበት ሐውልት በርሊን ይገኛል፤ የቀድሞ አንባቢዎች ስሙ ስለተመሳሰለላቸው ብቻ ተሸናፊው ካምቢሰስ ነው አሉ። ናስታሰን የነገሠው ግን ወደ 200 ዓመት ዘግይቶ ነው።

ይህን ማለት ክብራችንን መንካት ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ የምፈራው ተቃራኒውን ነው፤ ባልተመረመረ ወሬ ላይ የቆመ ኩራት የመጀመሪያው ጠያቂ ሲመጣ ይናዳል። በዚያ ላይ እነዚህ ጽሑፎች ኩሽ የሚሉት አገር ዛሬ ሱዳን በምንላት ምድር ዓባይን ተከትሎ የኖረ መንግሥት ነውና፣ ታሪኩን ስንወርስ ከባለቤቶቹ ጋር መካፈላችንን ማወቅ አለብን። በአንድምታ ትምህርት አንዱን ቃል ከብዙ ወገን እያዩ ማመዛዘን ለአገራችን ሊቃውንት የኖሩበት ሥራ ነው፤ ለታሪክ ሲሆን የምንሰስትበት ምክንያት አይታየኝም።

ምንጮቹ ሩቅ ናቸው፣ ቋንቋቸውም አይታወቅም የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው። ለምሳሌ የካምቢሰስን አባት የቂሮስን የሸክላ ጽሑፍ በ1879 እ.ኤ.አ. ባቢሎን ላይ ያስቆፈረው ሆርሙዝድ ራሳም፣ ቀደም ሲል አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያሰሩት መልእክተኛ ነው፤ ሸክላውም እንደ መቅደላ ብራናዎች ለንደን ነው ያለው። ሆኖም ዛሬ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስልኩን የከፈተ ተማሪ ፎቶግራፉንም እንግሊዝኛ ትርጉሙንም በነፃ ያገኛል። ጥንታዊ ቋንቋዎቹን አለማወቁ ጥልቅ ምርምር ይከለክለው ይሆናል፤ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን ብሎ እንዳይጠይቅ ግን አያግደውም። መምህሩም ሁለቱን የሄሮዶቱስ ክፍሎች፣ የአፒስን ጽሑፍና የዳርዮስን ዝርዝር ወደ አማርኛ መልሶ በአንድ ወረቀት ቢያድል፣ ተማሪዎቹም የትኛውን ለምን እንዳመኑ ቢጽፉ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።