ወገብ ላይ ያለው ሽጉጥ ዒላማ ያውቃል ወይ?

ሐሮ ወንጪ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. «ገበታ ለሀገር» ከተባለ ወዲህ ባለሥልጣኑም ቱሪስቱም ያዘወትረዋል። ባለሥልጣን ባለበት አጃቢ አለ፤ አጃቢ ባለበት ሽጉጥ አለ። ለመሆኑ ከነዚህ ታጣቂዎች ውስጥ ዘንድሮ ካርቶን ላይ ተኩሶ እጁን የፈተነ ስንቱ ነው?

እኛ አገር ሽጉጥ ጌጥ ነው። ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ልቅሶ ላይ ይተኮሳል፤ ወደ ሰማይ የወጣው አረር የማን ጣራ ላይ እንደሚወርድ የሚጠይቅ የለም። ሲመረጥም በዝናው ነው። ቶካሬቭ የያዘ ማካሮቭ የያዘውን ይንቃል፤ «የኔ ግንብ ይበሳል» ይላል። እሺ ይብሳ! የማንን ግንብ?

እስቲ ነገሩን በወጉ እንየው። በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የመጣው ቶካሬቭ 7.62 ሚሊ ሜትር ነው። አረሩ በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል፣ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል፣ ሲሠራም የእጅ መቆለፊያ አልተበጀለትም። ማካሮቭ ለዘብ ይላል፣ መቆለፊያም አለው፤ ግን አጭር ስለሆነ ማነጣጠሪያዎቹ ተቀራርበው ጀማሪን ያሳስታሉ። ሌላም ጣጣ አለ። የማካሮቭ 9 ሚሊ ሜትርና አብዛኛው ዓለም የሚታጠቀው ፓራቤለም 9 ሚሊ ሜትር በስም እንጂ በጥይት አንድ አይደሉም፤ የአንዱ ቀለህ 18፣ የሌላው 19 ሚሊ ሜትር ነው። «ዘጠኝ ስጠኝ» ብሎ በድብቅ የሚገዛው ሰውዬ ይህን መቼ ያውቃል?

ለልምምድ የሚሆነው ታጣቂዎቻችን የሚስቁበት ትንሹ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ፈረንጆች 22 የሚሉት ነው። አረሩ 2.6 ግራም ገደማ ነው፤ የፓራቤለሙ 8 ግራም ይደርሳል። በኦሎምፒክ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር የሚተኮሰው በዚሁ በትንሹ ነው፣ ማን ይስቃል? ጀማሪ በትልቁ ከጀመረ ጥይቱ ሳይወጣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንጓውን ወደ ታች ይሰብራል፤ ያ ልማድ አንዴ ከያዘ በምክር አይለቅም። ትንሹ እጅ አይረግጥም፣ ጥይቱም ርካሽ ነው፤ በትልቁ አሥር በሚተኮስበት ገንዘብ ከዚያ እጥፍ ይተኮሳል። ረዘም ያለ አፈሙዝ፣ የሚስተካከል ማነጣጠሪያ፣ ከበድ ያለ አካል ያለው ይመረጥ። ቃታ በዝግታ መሳብ ከተለመደ በኋላ ሰውየው ወገቡ ላይ በሚይዘው ሽጉጥ ይጨርስ፤ ሥራው በሱ ነውና።

አሁን ወደ መንግሥት እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የያዘ ፈቃድ ያውጣ ይላል። ወረቀቱስ ይሁን… እጁን ማን ፈተነው? በ1982 ዓ.ም. ሃቫና ላይ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት መርሕ መሣሪያ የሚይዝ ሕግ አስከባሪ ልዩ ሥልጠና ሳይጨርስ አይታጠቅ ይላል። የሕይወት አደጋ ሳይኖርም አይተኩስ ይላል። አምቦ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በተማሪዎቹ ተቃውሞ ላይ ጥይት ሲተኮስ አይታለች፣ ልጆቿንም ቀብራለች። ያ ጥፋት የትእዛዝ ነው እንጂ የዒላማ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ቢሆንም ፖሊስ አስተኳኮስ የሚማርበት ቦታ መቼ አለመተኮስ እንዳለበትም የሚማርበት ቦታ ነው፤ ሁለቱን የሚለያይ አሠልጣኝ አሠልጣኝ አይባልም።

ታዲያ መለማመጃው የት ይሁን? ግንጪ ላይ በ2008 ዓ.ም. ሕዝብ የተነሣው በኳስ ሜዳና በጭልሞ ደን ነበርና የማንንም ሜዳ እንዳትነኩ! ሐይቁ ዳርም አይሆንም። ዝቅ ብሎ ውሃ የመታ አረር ነጥሮ ይነሣል፤ ትንሹ 22 እንኳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ማዶ ደግሞ ቂርቆስ አለ፣ ፈረስ የሚያከራዩ የገበሬ ልጆች አሉ። አምቦ አጠገብ የሰንቀሌ ፖሊስ ማሠልጠኛ አለላችሁ። ከበስተኋላው ከፍ ያለ የአፈር ክምር ይሠራ፣ የጆሮ መሸፈኛ ይገዛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ለባለፈቃዱም ይከፈት። የወደቀ እስኪያልፍ ሽጉጡን ያስረክብ። ፈተናውም ከባለሥልጣናቱ አጃቢዎች ይጀመር።